የሰመመን ተንና የመሐንዲሱ ድርሻ
በአርሲ ነገሌ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ከሞጆ ተነሥቶ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች እየታከከ ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ መንገደኛ አርሲ ነገሌ ሲደርስ ሁለት ነገሮችን ያስተውላል። አንደኛው የአየሩ መለወጥ ነው፤ ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች የላንጋኖ ሙቀት ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለተኛው ከየጓሮው የሚነሣው የአረቄ ማውጫ ጭስ ነው። የአርሲ ነገሌ ሴቶች በካቲካላ ሙያ ስማቸው የታወቀ ነው። ድፍድፉን በእሳት ላይ ይጥዳሉ፤ ከውስጡ የሚወጣው ተን በቱቦ ተመርቶ በቀዝቃዛ ውሃ ወደ ተነከረው ዕቃ ሲደርስ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። እሳቱ ቢበዛ ውሃው አብሮ ይተንና አረቄው ይቀጥናል፤ ቢያንስ ሥራው ይጓተታል። ባለሙያዋ ቴርሞሜትር ሳትይዝ፣ የግፊት ሰንጠረዥ ሳትመለከት፣ ፈሳሽ ወደ ተን፣ ተንም ወደ ፈሳሽ የሚለወጥበትን ሕግ በእጅዋ ታውቀዋለች።

በኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ሰመመን ሰጪው ከታማሚው ራስጌ ተቀምጦ የሚቆጣጠረው መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ልዩነቱ ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ ላይ ነው። በአረቄ ማውጫ ላይ እሳት ቢበዛ የሚበላሸው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በሰመመን መሣሪያ ላይ ተን ቢበዛ ልብና ትንፋሽ ይቆማሉ፤ ቢያንስ ደግሞ ታማሚው በቢላዋ ሥር ሊነቃ ይችላል። የዚህ ንግግር ዓላማ መሐንዲሱን ሰመመን ሰጪ ለማድረግ አይደለም። ዓላማው በመተንፈስ የሚወሰዱ ማደንዘዣዎች መሠረታዊ አሠራር ምን እንደሆነ፣ በተለይም እንደ አርሲ ነገሌ ባለ የደጋ ከተማ ምን የተለየ ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ፣ የመሐንዲሱም ድርሻ ከየት እስከ የት እንደሆነ ለማስረዳት ነው።

ስለ ታሪኩ

ኤተር የአረቄ የቅርብ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1540 ጀርመናዊው ቫሌሪየስ ኮርደስ ከአልኮልና ከሰልፈሪክ አሲድ ኤተር የሚወጣበትን መንገድ ገለጸ። ይሁን እንጂ ይህ ፈሳሽ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ በጠርሙስ ሲኖር፣ በዚያው ዘመን በዓለም ዙሪያ ሰዎች በገመድ ታስረው፣ አንዳንዶቹም በመጠጥ ሰክረው እግራቸው ይቆረጥ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1842 በአሜሪካ ጆርጂያ ክፍለ ግዛት ክሮፎርድ ሎንግ የተባለ ሐኪም በኤተር ያደነዘዘውን ሰው የአንገት ዕጢ ቆርጦ አወጣ፤ ሆኖም ሥራውን በጽሑፍ ያወጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1846 ዊልያም ሞርተን በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በሕዝብ ፊት ባሳየው ሰመመን ግን ነገሩ በዓለም ተሰማ። በሚቀጥለው ዓመት በኤደንብራ ጄምስ ሲምፕሰን ክሎሮፎርምን አስተዋወቀ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በጥር 1848 ሐና ግሪነር የተባለች የ15 ዓመት እንግሊዛዊት ልጃገረድ የእግር ጣት ጥፍርዋን ለማስነቀል ክሎሮፎርም ተሰጥቷት በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። መድኃኒቱ በጨርቅ ላይ እየተንጠባጠበ ሲሰጥ ታማሚው ምን ያህል እንደ ተነፈሰ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። ይህን ጥያቄ እንደ መሐንዲስ የመረመረው የለንደኑ ሐኪም ጆን ስኖው ነው። ስኖው የኤተር ተን ግፊት ከሙቀት መጠን ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ በሰንጠረዥ አስቀመጠ፤ ሙቀቱን ለማርጋት በውሃ የተከበበ መሣሪያም አሠራ። ይኸው ሰው ነው እ.ኤ.አ. በ1854 የኮሌራን ወረርሽኝ ከአንድ የውሃ ፓምፕ ጋር ያዛመደው። የሁለቱም ሥራዎቹ መሠረት አንድ ነው፤ ይኸውም ከመፍረድ በፊት መለካት።

ኤተር ለታማሚው በአንጻራዊነት ታጋሽ መድኃኒት ቢሆንም ተኑ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ተኑ ከአየር ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ወርዶ ይተኛል፤ እዚያም ከሶኬት ብልጭታ ወይም ከከሰል ምድጃ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ስለዚህ የማይቀጣጠል ማደንዘዣ ሲፈለግ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1951 ቻርልስ ሰክሊንግ ሃሎቴንን ሠራ፤ በ1956ም በማንቸስተር ለታማሚዎች መስጠት ተጀመረ። ሃሎቴን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ለብዙ ዓመታት ዋና ማደንዘዣ ሆኖ አገልግሏል። ከእርሱ በኋላ አይሶፍሉሬን፣ ሴቮፍሉሬንና ዴስፍሉሬን መጥተዋል።

የመጠን መለኪያው ግፊት ነው

ማደንዘዣው በሳንባ በኩል ወደ ደም፣ በደም በኩል ወደ አንጎል ይደርሳል። አንጎል የሚያውቀው የመድኃኒቱን የመቶኛ መጠን ሳይሆን ከፊል ግፊቱን ነው። የሁሉም ጥንቃቄ ምንጭ ይህ አንድ አረፍተ ነገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የማደንዘዣዎች ኃይል የሚነጻጸረው ከታማሚዎች ግማሾቹ ቆዳቸው ሲቆረጥ እንዳይንቀሳቀሱ በሚያደርገው አነስተኛ መጠን ነው። ይህ መጠን በባሕር ወለል ላይ ለሃሎቴን 0.75 በመቶ፣ ለአይሶፍሉሬን 1.15 በመቶ፣ ለሴቮፍሉሬን 2 በመቶ ያህል፣ ለዴስፍሉሬን 6 በመቶ ገደማ ነው። ናይትረስ ኦክሳይድ ደካማ ስለሆነ 104 በመቶ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም በተራ የአየር ግፊት ለብቻው ሙሉ ሰመመን ሊሰጥ አይችልም ማለት ነው።

ሌላው መሠረታዊ ነገር በደም ውስጥ የመሟሟት ችሎታ ነው። የደረቀ መሬት ዝናብ ሲወርድበት መጀመሪያ ይጠጣል፤ ጠግቦ ካልረካ በስተቀር ውሃው ከላዩ አይቆምም። ደምም እንዲሁ ነው። ኤተር በደም ውስጥ ከአየር ይልቅ አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ስለሚሟሟ ደሙ ብዙ ይጠጣል፤ ግፊቱም እስኪነሣ ድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ታማሚው ለማንቀላፋትም ለመንቃትም ይዘገያል። ይህ ቁጥር ለሃሎቴን 2.4፣ ለአይሶፍሉሬን 1.4፣ ለሴቮፍሉሬን 0.65 ያህል ነው። ስለዚህ ጥቂት የሚሟሟው ፈጥኖ ያስተኛል፤ ፈጥኖም ያነቃል። ፍጥነት ግን በራሱ ደኅንነት አይደለም፤ በፍጥነት ወደ ሰመመን የሚያስገባ መድኃኒት ስሕተትንም በፍጥነት ያደርሳል።

የደጋው አየር የሚያመጣው ለውጥ

በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። በአርሲ ነገሌ ከፍታ ግን ወደ 600 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። እዚህ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች፣ በ93 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ፣ በባሕር ወለል በ34.6 ዲግሪ የሚፈላው ኤተርም እዚህ በ28 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ዴስፍሉሬን ደግሞ በ20 ዲግሪ ሙቀት የተኑ ግፊት 669 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በዚህች ከተማ ጠርሙሱ ተከፍቶ ቢቀመጥ በተራ የክፍል ሙቀት ይፈላል።

በሆስፒታል ቬፖራይዘር የሚባለው ማትነኛ ላይ የሚደርሰው ለውጥ ግን ከዚህ ረቀቅ ያለ ስለሆነ በቁጥር ማስረዳት ይገባል። በማትነኛው ውስጥ የሚያልፈው ጋዝ በሁለት ይከፈላል። አነስተኛው ክፍል በፈሳሹ ላይ አልፎ በተን ይሞላል፤ ትልቁ ክፍል በጎን በኩል ያልፍና መውጫው ላይ ይቀላቀላሉ። የሃሎቴን የተን ግፊት በ20 ዲግሪ 243 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ቁጥር በሙቀት እንጂ በከፍታ አይለወጥም። በባሕር ወለል በፈሳሹ ላይ ያለፈ አንድ ሊትር ጋዝ 243 ለ517 በሆነ ሬሾ፣ ማለትም 0.47 ሊትር ተን ይዞ ይወጣል። በ600 ሚሊ ሜትር ግፊት ግን ሬሾው 243 ለ357 ይሆንና ያው አንድ ሊትር 0.68 ሊትር ይዞ ይወጣል። ስለዚህ መዘውሩ በ1 በመቶ ላይ ሲቆም በእርግጥ የሚወጣው 1.45 በመቶ ያህል ነው።

ይህን የሰማ ሰው ደንግጦ መዘውሩን በአንድ ሦስተኛ ዝቅ ያድርግ ሊል ይችላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። አንጎል የሚያውቀው ግፊቱን ስለሆነ መባዛት ያለበት ከአካባቢው የአየር ግፊት ጋር ነው። በባሕር ወለል 1 በመቶ ከ760 ሲወሰድ 7.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በአርሲ ነገሌ 1.45 በመቶ ከ600 ሲወሰድ 8.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጭማሪው ግማሽ ያህል ሳይሆን አሥራ አምስት ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ተራው የሃሎቴን ማትነኛ በደጋ ላይ ራሱን በራሱ ከሞላ ጎደል ያርማል ማለት ይቻላል። በአንጻሩ በመቶኛ የሚያነብ የጋዝ መለኪያ ከአጠገቡ ቢኖር፣ ለሃሎቴን የሚያስፈልገው 0.75 በመቶ እዚህ 0.95 በመቶ መሆኑን ያልተረዳ ሰው መለኪያውን አምኖ ታማሚውን ያሳንስበታል። የዴስፍሉሬን ማትነኛ ደግሞ ተኑን አሙቆ በተወሰነ መቶኛ የሚጨምር ስለሆነ ይህ ራስን የማረም ጠባይ የለውም፤ በደጋ ላይ መዘውሩ ከፍ መደረግ አለበት። ከዚህም በላይ ዴስፍሉሬን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,500 ጊዜ ያህል የበለጠ ምድርን የሚያሞቅ በመሆኑ የአውሮፓ ኅብረት ከ2026 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ አጠቃቀሙን ገድቧል።

ናይትረስ ኦክሳይድ በደጋ ላይ ይበልጥ ይደክማል። ከሚተነፈሰው አየር ግማሹ እርሱ ቢሆን በባሕር ወለል 380 ሚሊ ሜትር ግፊት ሲኖረው እዚህ 300 ብቻ ይኖረዋል። ኦክስጅንም ያንሳል። በሳንባ መግቢያ በእርጥበት የተሞላ አየር በባሕር ወለል 150 ሚሊ ሜትር ያህል የኦክስጅን ግፊት ሲኖረው እዚህ 116 ያህል ነው። ይህን ለመመለስ ብቻ የኦክስጅኑ መጠን ከ21 ወደ 27 በመቶ መነሣት አለበት። ሰመመን ደግሞ ትንፋሽን ስለሚያሳንስ ተጨማሪ መጠባበቂያ ያስፈልጋል።

ቅዝቃዜና እንስራ

የሸክላ እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በግድግዳው የሚወጣው እርጥበት ሲተን ከውስጡ ሙቀት ስለሚወስድ ነው። ማደንዘዣውም ሲተን ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም የተኑ ግፊት ይወርዳል፤ ታማሚው ሳይታሰብ ይቀልበታል። ይህን ለመከላከል ሠሪዎች ሁለት መንገድ ተጠቅመዋል። አንዱ ብዙ ሙቀት የሚይዝና የሚያስተላልፍ ከባድ ብረት ወይም ውሃ በዙሪያው ማኖር ነው። ሌላው ሙቀት ሲወርድ በፈሳሹ ላይ የሚያልፈውን ጋዝ የሚጨምር በራሱ የሚንቀሳቀስ ከለላ ማድረግ ነው። ኢፕስታይንና ማኪንቶሽ በኦክስፎርድ ያሠሩት ኢ.ኤም.ኦ. የተባለው የኤተር ማትነኛ ሁለቱንም በአንድነት የያዘ ነበር።

የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። ጋዙ ከሲሊንደር ተገፍቶ አይመጣም፤ ታማሚው ራሱ ሲተነፍስ፣ ወይም ሰመመን ሰጪው ወናፉን ሲያነሣ፣ ተራ አየር በማትነኛው በኩል ይሳባል። መብራት ቢጠፋ፣ ሲሊንደሩ ባዶ ቢሆን እንኳ ሥራው አይቆምም። ይህ በመሳብ የሚሠራ ዘዴ ከትልልቅ ከተሞች ርቆ ለሚገኝ ሆስፒታል ተስማሚ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በማላዊ ያገለገለው ሐኪም ፖል ፌንተን የነደፈው የሰመመን መሣሪያም ይህንኑ መሠረት ከኦክስጅን ማምረቻ ጋር ያጣመረ ነው።

የኦክስጅን ማምረቻው ዜዮላይት በተባለ ማዕድን ናይትሮጅንን አጣርቶ ከተራ አየር እስከ 95 በመቶ ንጹሕ ኦክስጅን ያወጣል። የስምጥ ሸለቆ አቧራ የዚህ መሣሪያ ቀንደኛ ጠላት ነው። ማጣሪያው ሲደፈን መሣሪያው ድምፁን እያሰማ፣ መብራቱን እያበራ፣ ከተራ አየር ብዙም ያልተሻለ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። የሚፈስሰው ጋዝ መጠን ብቻ ሳይሆን የኦክስጅኑ ንጽሕና በየጊዜው መለካት ያለበት ለዚህ ነው።

የጥገና ጉዳይ

አሁን የመሐንዲሱ ድርሻ በግልጽ ይታያል። ሃሎቴን እንዳይበላሽ ሠሪዎቹ 0.01 በመቶ ታይሞል ይጨምሩበታል። ሃሎቴኑ ሲተን ታይሞሉ አይተንም፤ በማትነኛው ውስጥ እየተጠራቀመ እንደ ሙጫ ይያያዛል፤ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል፤ መዘውሩም ይጣበቃል። ስለዚህ ማትነኛው በየጊዜው መፍሰስና መታጠብ አለበት። ይህን የሚያውቅ ጠጋኝ በሌለበት ሥፍራ ሰመመን ሰጪው የጠበቀውን መዘውር በኃይል ያዞራል፤ ቁጥሩ አንድ ያሳያል፤ የሚወጣው ግን ሌላ ነው።

እያንዳንዱ ማትነኛ ለአንድ ፈሳሽ ብቻ የተሠራ ነው። ሴቮፍሉሬን በ20 ዲግሪ 160 ሚሊ ሜትር ያህል ግፊት ሲኖረው ሃሎቴን 243 አለው። የሴቮፍሉሬን ማትነኛ በስሕተት ሃሎቴን ቢሞላበት የሚወጣው ተን ከተጻፈው ይበዛል፤ ሃሎቴን ደግሞ በተፈጥሮው ከሴቮፍሉሬን ከሁለት እጥፍ በላይ ኃይለኛ ስለሆነ አደጋው ይደራረባል። ማትነኛው በጉዞ ላይ ከተጋደመ ደግሞ ፈሳሹ ወደ ጎን መተላለፊያው ገብቶ የመጀመሪያው ታማሚ ገዳይ መጠን ሊያገኝ ይችላል። ከመጋዘን ወደ ሆስፒታል የሚጫነው ማትነኛ ባዶ መሆን አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

የሲሊንደር ቀለምም ያሳስታል። በእርዳታ ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ዕቃዎች አንድ ዓይነት ሕግ አይከተሉም፤ በአሜሪካ የኦክስጅን ሲሊንደር አረንጓዴ ነው፤ በእንግሊዝ ትከሻው ነጭ ነው። ስለዚህ መታመን ያለበት የተጻፈው ስም እንጂ ቀለሙ አይደለም። የናይትረስ ኦክሳይድ ሲሊንደር ውስጡ ፈሳሽ ስለሆነ የግፊት መለኪያው በ20 ዲግሪ ከ50 ባር ሳይነቃነቅ ይቆይና ፈሳሹ ሲያልቅ በድንገት ይወድቃል፤ የቀረውን ለማወቅ መመዘን እንጂ መለኪያውን ማየት አይጠቅምም።

አንዲት ሌሊት

ሌሊት ነው እንበል። አንዲት እናት ከገጠር ቀበሌ በምጥ ተይዛ፣ ደምዋ እየፈሰሰ ወደ ወረዳ ሆስፒታል ትደርሳለች። ብዙ ደም ስለፈሰሳት በጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ አያመችም፤ ስለዚህ ሙሉ ሰመመን ታዘዘ። ሰመመን ሰጪው ሃሎቴን ማኅፀንን እንደሚያላላና መድማትን እንደሚያብስ ያውቃል፤ ስለዚህ ያስተኛት በኬታሚን ነው፤ ከዚያም በኋላ ጥቂት ተን ብቻ ሊሰጣት ያስባል። ለእርስዋ በግማሽ በመቶና በአንድ በመቶ መካከል ያለው ልዩነት የደም ልዩነት ነው። ሰመመን ሰጪው ትምህርቱን ጨርሶአል፤ እጁም አይንቀጠቀጥም፤ ነገር ግን የያዘው መዘውር እውነቱን የሚናገር መሆኑን እርሱ ሊያውቅ አይችልም። ያንን እውነት አስቀድሞ ማረጋገጥ የሌላ ሰው ሥራ ነበር። ያ ሰው በዚያች ሌሊት በክፍሉ ውስጥ የለም፤ ሥራው ግን በክፍሉ ውስጥ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ዘገባ በዓለም 5 ቢሊዮን ሰዎች አስተማማኝና አቅም የሚፈቅደው የቀዶ ጥገና አገልግሎት እንደማያገኙ ገልጿል። በኢትዮጵያም ከ2016 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የዘለቀ የአስተማማኝ ቀዶ ጥገና ብሔራዊ ዕቅድ ወጥቶ ነበር። ጎንደርና ጅማን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሰመመን ሰጪዎችን ያሠለጥናሉ። ሰው ሲሠለጥን መሣሪያው ካልተጠገነ ግን ሥልጠናው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

መሐንዲስ በዚህ ሙያ እንግዳ አለመሆኑን ለማስታወስ አንድ ስም ይበቃል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ታኩኦ አኦያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ ሲያልፍ ከልብ ትርታ ጋር የሚለዋወጠውን መጠን በማነጻጸር የደም ኦክስጅን ያለ መርፌ የሚለካበትን ዘዴ አገኘ። ዛሬ በጣት ላይ የምትሰካዋ ያች ትንሽ መሣሪያ፣ የታማሚው ከንፈር ከመጥቆሩ በፊት ሰመመን ሰጪውን ታስጠነቅቃለች። አኦያጊ ሐኪም አልነበረም። ያደረገው ነገር የሚለካውን በጥንቃቄ መለካት ነበር።

ክቡራንና ክቡራት፤ የአባላቱ ሥራ በፋብሪካ፣ በመንገድ፣ በውሃና በኤሌክትሪክ የተከፋፈለ ነው። ይሁን እንጂ በየሚሠሩበት ከተማ አንድ ሆስፒታል፣ በሆስፒታሉም ውስጥ አንድ ማትነኛ፣ አንድ የኦክስጅን ማምረቻ፣ አንድ የቮልቴጅ ማስተካከያ አለ። የሆስፒታሉን ጠጋኝ ቀርቦ መጠየቅ፣ ማጣሪያው መቼ እንደ ታጠበ፣ መዘውሩ በምን እንደ ተመሳከረ፣ የሚጠፋው መብራት በምን እንደሚተካ መነጋገር ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የአርሲ ነገሌዋ ባለሙያ እሳትዋን ሳታይ አትቀመጥም። የሰው ትንፋሽ የሚያልፍበት ተንም ከዚያ ያነሰ ጠባቂ ሊኖረው አይገባም።